ቀሪው የሚናገርበት ሒሳብ፦ ባሕረ ሐሳብ በቅዳሜና እሑድ ክፍል

በአረርቲም ሆነ በሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ ለልጁ የቅዳሜና እሑድ የሒሳብ ትምህርት የሚፈልግ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ማጠናከሪያ የሚባለውን ነው። በሳምንቱ የተማሩት ይደገማል፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ይሠራሉ፣ ልጁም ደብተሩን ሞልቶ ይመለሳል። ለሚኒስትሪ ፈተና የሚዘጋጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህ እንደሚያስፈልገው አልክድም። ሒሳብን የሚያስወድድ፣ ልጅ አባቱን እንዲጠይቅ፣ አባትም ከልጁ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርግ ትምህርት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ከሩቅ ለማምጣት ከመድከማችን በፊት እዚሁ ደጃችን ያለ አንድ ሥራ በሃያሲ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ሥራው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ በአብነት ጉባኤ የሚጠና፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችም ለወጣቶች የሚሰጥ፣ አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣ የቁጥር ትምህርት።

ለአረርቲ ይህ ሥራ ባዕድ አይደለም። ከተማዋ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ባሕረ ሐሳብን በአማርኛ ለዘመናዊ አንባቢ ካቀረቡት ሰዎች መካከል ከፊተኞቹ የሚቆጠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የሸንኮራ ተወላጅ ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ የታተመው መጽሐፋቸው የዘመን ቆጠራውን ከታሪክ ማስታወሻ ጋር አጣምሮ ያቀርባል። ጥምረቱ ትርጉም አለው፤ ቁጥሩ ያለ ታሪክ ደረቅ ነው፣ ታሪኩም ያለ ቁጥር ቀን የለውም። እዚህ የምዳስሰው ግን የአንድን ደራሲ መጽሐፍ ሳይሆን ትውፊቱ ራሱ ያቆየውን ድርሰት ነው። ሚዛኔም አንድ ነው፦ ለልጆች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የሒሳብ ክፍል ሆኖ ቢቀርብ ምን ያህል ይጸናል?

ትውፊቱ ሥርዓቱን የሚሰጠው በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የእስክንድርያ መንበር ላይ ለነበረው ለድሜጥሮስ ነው። የድርሰቱ ዓላማ ጠባብና ግልጽ ነው። ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲገባ፣ ትንሣኤም ሁልጊዜ እሑድ እንዲውል፣ ያም ሆኖ በዓሉ ከጨረቃ ዑደት እንዳይለቅ ማድረግ ነው። የሳምንት፣ የጨረቃና የፀሐይ አቆጣጠር በተፈጥሯቸው አይገጥሙም። ድርሰቱ ሴራ አለው ከተባለ ሴራው ይህ ግጭት ነው፤ የሚፈታውም በአንድ መሣሪያ ብቻ፣ በማካፈል ቀሪ ነው። ስንት ጊዜ እንደደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል፣ የተረፈው ይያዛል። መደበኛው ትምህርት ቤት ግን ልጁ አስርዮሽ ነጥብን ከተማረበት ቀን ጀምሮ ቀሪን ያስረሳዋል። በዚህ ብቻ እንኳ ባሕረ ሐሳብ ከክፍል ውጭ ያለ እውነተኛ ትምህርት ነው።

መዋቅሩን በ2018 ዓ.ም. እንየው። 5500ው ዓመተ ፍዳ ከ2018ቱ ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከ7518 ጋር ተደምሮ 9397 ሆኖ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ መስከረም 1ም ሐሙስ ይውላል። ከዚያ 7518 ለ19 ይካፈላል፣ 13 ይተርፋል። ያላለቀው ዓመት ስለማይቆጠር አንድ ይቀነስና ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይቆጠራል፤ መስከረም 18 እሑድ ነውና የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 7 ይደመራል። መባጃ ሐመር የሚባለው ይህ ድምር 25 ይሆናል፣ ነነዌም ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። ከዚህ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው፦ በ25ቱ ላይ 14 ጨምረው ዐቢይ ጾምን የካቲት 9፣ በዚያው በ25ቱ ላይ 9 ጨምረው ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ያገኙታል።

የማደንቀው መጀመሪያ ቁጥብነቱን ነው። ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል በላይ የሚጠይቅ አንድም እርምጃ የለም፤ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በሽምብራና በጠመኔ ሊወጣው ይችላል። ሁለተኛው በሥራው ውስጥ የተቀመጠው የራስ ማረሚያ ነው። በ2018 አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፤ ድምራቸው 30። በ2017 አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29፤ አሁንም 30። በ2019 ደግሞ 23ና 7፤ እንደገና 30። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ተሰልተው 30 ካልሞሉ ተማሪው መምህሩን ሳይጠብቅ መሳሳቱን ያውቃል። ምክንያቱን ልጅ ራሱ ሊደርስበት ይችላል፤ ወንበሩ አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ19 ተባዛ፣ 11ና 19 ደግሞ 30 ናቸው። መልስ የሚያርም መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ሠሪውን እንዲህ የሚያርም ስሌት ግን ለልጅ ከሚሰጡት ነገሮች ሁሉ የላቀ ነው እላለሁ። ሦስተኛው የወሮቻችን ቅርጽ ነው። ዐሥራ ሁለቱም 30፣ 30 ቀን ስለሆኑ ዓመቱን ሁሉ የሚሻገሩት በዓላት በትንንሽ ተውሳኮች ይያዛሉ። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ሲነሣ 9 ይቀራል፣ ካህኑም በቃሉ የሚይዘው ያንን 9 ብቻ ነው።

ስለ ትረካው ደግሞ መነገር ያለበት አለ። 11ና 19 ከየት መጡ ለሚል ጠያቂ ትውፊቱ ታሪክ ይነግረዋል፤ ድሜጥሮስ ምስጢሩ እንዲገለጥለት በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባኤ ያዘ። 23 ሱባኤ በ7 ተባዝቶ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11። 7 ሱባኤ በ7 ተባዝቶ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሕጉን በምክንያት ሳይሆን በገድል አስሮታል፣ የታሪኩ ቁጥሮችም ሌላው ስሌት በሚሄድበት መንገድ ራሳቸው ይገደፋሉ። ተማሪው ታሪኩን ሲያስታውስ ቁጥሩን ያስታውሳል፣ ቁጥሩን ሲያሰላ መገደፍን ይለማመዳል። ይህን ያህል ዘመን እንዲተላለፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

የውጭው ዓለም ምስክርነትም አይጎድለውም። የጥንታዊ ሒሳብ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ግእዙ የከዋክብትና የዘመን ስሌት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። የሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋሲካ ቀመርም ዓመቱን ለ19 አካፍሎ ቀሪውን በ19 ያባዛል፣ ቋሚ ቁጥር ደምሮ በ30 ይገድፋል፤ የእኛ የኔታ መጥቅዕ ከሚያወጡበት መንገድ ጋር ይዛመዳል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቀሪ ስሌትን የከፍተኛ ሒሳብ ዘርፍ ያደረገውን መጽሐፉን አሳተመ። የአረርቲ ልጅ በእሑድ የሚማረው ነገር ከዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጋር የተቆራኘ እንደሆነ ቢነገረው ውለታ አይደለም፤ እውነት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሥራው እንደሚተላለፍበት መልክ ሕግን ይሰጣል፣ ምክንያትን ያስቀራል። የዕለታቱን ተውሳክ እንውሰድ፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፣ በትክክል ይሠራበታልም። ለምን ቅዳሜ 8 ሆነ፣ ለምን 1 የሚባል ተውሳክ የለም ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሥርዓቱ ነው የሚል ነው። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። ልጆቹ ከምንጃር ሽምብራ 120 ፍሬ ቆጥረው ሰባት ሰባት እያደረጉ በረድፍ ይደርድሩ። 17 ረድፍ ሞልቶ አንዲት ፍሬ ትተርፋለች። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 ያሉት አራት ወሮች 120 ቀን ናቸው፤ ስለዚህ መስከረም 18 እሑድ ከሆነ ጥር 18 አንድ ቀን ገፍቶ ሰኞ ነው። 7 ቢጨመርበት ያው ሰኞ ነው። መስከረም 18 ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ጥር 18 እሑድ ይሆንና ወደ ቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ለመድረስ 8 ያስፈልግ ነበር። ዓርብ ቢሆን ጥር 18 ቅዳሜ፣ ወደ ሰኞ 2 ቀን። ሰባቱም ተውሳኮች በአንዲት በተረፈች ሽምብራ ተፈቱ። ይህን በእጁ የደረደረ ልጅ ሰንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ቢረሳውም መልሶ ያወጣዋል።

እንዲህ ያለው አቀራረብ ለዓለም አዲስ አይደለም። የሌኒንግራድ የሒሳብ ኦሊምፒያድ በ1934 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከጀርባው ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየተሰበሰቡ የሚወያዩበት የሒሳብ ክበብ ባህል ነበረ። አሌክሳንደር ዝቮንኪን የተባለው የሒሳብ ሰው ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞስኮ ውስጥ ልጁንና የልጁን ጓደኞች እቤቱ ሰብስቦ ያስተማረበትን ማስታወሻ መጽሐፍ አድርጎታል። ከማስታወሻው የሚማረው ዋና ነገር ትዕግሥት ነው፤ መልሱን ለመስጠት አይቸኩልም፣ ሕፃኑ የሚሳሳትበትን መንገድ በአክብሮት ይከተላል። የእኛ ጉባኤ ቤት በአንጻሩ ትዕግሥቱን ሁሉ ለቃል ጥናት ሰጥቶታል። ሁለቱን ማጣላት አልፈልግም። የጉባኤው የማስታወስ ኃይል ባይኖር ዛሬ የምንዳስሰው ሥራ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የማስታወስ ሥራ ተከናውኗል፤ ቀሪው ማስረዳት ነው።

ድርሰቱ ራሱ ዝም ያለባቸው ሁለት ቦታዎች ደግሞ ለክፍሉ ትልቅ ስጦታ ናቸው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል ይላል ሕጉ። 14 ቢሆንስ? ጥሩ ተማሪ የመጀመሪያው ቀን ላይ ይህን ይጠይቃል። አሥራ ዘጠኙን መጥቅዕ ሁሉ ያውጣ፦ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12፣ መጨረሻም 30። አሥራ አራት የለም። ሕጉ ያላስቀመጠው ሊመጣ የማይችለውን ነው። እዚህ ላይ ዝምታው እንከን መስሎ ይታያል እንጂ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። አበቅቴዎቹን በተራ የጻፈ ልጅ 11፣ 22፣ 3፣ 14 እያለ እየሄደ ሁልጊዜ በ11 እንደሚጨምር ያያል። አሥራ ስምንተኛው 18 ነው። ከሱ በኋላ 29 ሊመጣ ሲገባው ስሌቱ ወደ አልቦ ይመለሳል፤ ያ ማለት አንድ ጊዜ በ12 ዘለለ። ለምን? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ 365፤ ልዩነቱ 11። በ19 ዓመት ልዩነቱ 209 ቀን ይሆናል። ስሌቱ ግን 30 ቀን በሞላ ቁጥር አንድ ሙሉ ወር እየገደፈ ነው የሚሄደው፤ በ19 ዓመት ሰባት ጊዜ፣ 210 ቀን። አንዲት ቀን ጎደለች፤ በመጨረሻው ዝላይ ተከፈለች። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወር እንደሚሞላ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስታውቆት ነበር፤ 19 የተመረጠው ለዚህ ነው። እኔ ባየሁት መጠን የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ዝላይ ሳያስተውለው ያልፋል፤ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ስለሚጀምር ዝላዩ ተሸፍኖበታል። ድርሰቱን አጥብቄ የምወቅስበት ቦታ ካለ እዚህ ላይ ነው፤ የሥራው ረቂቁ መገጣጠሚያ ከተማሪው ዓይን ተሰውሯል።

ስለ ቋንቋው አጭር ልሁን። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ መባጃ ሐመር፣ ተውሳክ፣ ኬክሮስ፤ ስሞቹ ክብር አላቸው፣ ምት አላቸው፣ በአማርኛ መተካት አይገባቸውም። ሳይተረጎሙ መተዋቸው ግን ስህተት ነው። ኬክሮስ የቀን አንድ ስድሳኛ መሆኑን፣ ማለትም 24 ደቂቃ መሆኑን ያልሰማ ልጅ፣ 15 ኬክሮስ ሲባል ስድስት ሰዓት መሆኑን፣ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ ስድስተኛዋን ጳጉሜን እንደሚያመጣ እንዴት ሊደርስበት ይችላል? አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ይበቃ ነበር።

ታማኝ ዳሰሳ የሥራውን የትክክለኛነት ድንበርም መናገር አለበት። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ማድረግ ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይበልጣል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። የጨረቃው ስሌትም በዝግታ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዛሬ በስሌቱ ጨረቃና በሰማዩ ጨረቃ መካከል የጥቂት ቀናት ልዩነት አለ። ይህን ለልጆች መደበቅ ለሥራው አክብሮት አይደለም። የአረርቲ ሰማይ በበጋ ጥርት ያለ ነው፤ ልጆቹ ለአንድ ወር ከወላጆቻቸው ጋር ጨረቃን እየተመለከቱ ይመዝግቡ፣ ከአበቅቴው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱን ራሳቸው ካገኙት ድርሰቱን አይንቁትም። በተራ ማካፈል ብቻ እንዲህ ቀርቦ መቆየቱን ያደንቃሉ። በዓል የማውጣት ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የልዩነቱን ምክንያት መመርመር ግን የሒሳብ ክፍል ድርሻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ተደራሲው ማን ነው የሚለው ነው። ሥራው የተጻፈው ለካህን ነው፣ የቀረበውም ለምእመን ነው። የቅዳሜ የሒሳብ ክፍል ግን በከተማው ያለውን ልጅ ሁሉ መቀበል አለበት። እዚህ ላይ ድርሰቱ ራሱ በር ይከፍታል። አበቅቴ የቆመበት የ11 ቀን ልዩነት ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀድሞ የሚገባበት ምክንያት ነው። የሙስሊሙ ልጅ የጨረቃን ዓመት ከነልማዱ ያውቀዋል፤ ጓደኛው ደግሞ አበቅቴን። የአንዱ አቆጣጠር ልዩነቱን እንዲጠራቀም ይተወዋል፣ የሌላው በወር እየገደፈ ይመልሰዋል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ይህን ቢያስተያዩ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ውይይት አላስብም። ወላጆችም ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ነነዌ ጥር 17 ቀድማ፣ የካቲት 21 ዘግይታ እንደምትገባ በዕድሜያቸው ያዩ እናቶች አሉ። ልጁ ያሰላል፣ እናቱ ከልምዷ ታረጋግጣለች። በመደበኛው ክፍል ወላጅ እንዲህ ያለ ሥልጣን ኖሮት አያውቅም።

መምህራንን በተመለከተ ችግሩ እውነተኛ ነው። የሒሳብ መምህሩ ቀሪን ያውቃል፣ መጥቅዕን አያውቅም፤ መሪጌታው መጥቅዕን ያውቃሉ፣ ለምን በ30 እንደሚገደፍ ግን እንዲያስረዱ ተጠይቀው አያውቁም። አንዱ ብቻውን ቢያስተምር ሥራው ወይ ደረቅ መልመጃ ይሆናል ወይ የቃል ጥናት ይሆናል። ሁለቱ አብረው መቆም አለባቸው፤ የኔታ ሕጉን ሲሰጡ መምህሩ ጥያቄውን ያንሣ።

ፍርዴ ይህ ነው። ባሕረ ሐሳብ በቅርጹ የተጠናቀቀ፣ በቁጥብነቱ የሚደነቅ፣ በራሱ ማረሚያ የታጠቀ የሒሳብ ድርሰት ነው። በሚተላለፍበት መንገድ ግን ምክንያቱን ስለሚያስቀር እንዳለ ተወስዶ የልጆች ማበልጸጊያ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ከታከለበት ለአረርቲና ለዙሪያዋ ልጆች ከየትም ከሚመጣ የተዘጋጀ መርሐ ግብር የተሻለ ነው፤ ዕቃ አይጠይቅም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ቤተሰቡን ሁሉ ያስቀምጣል። በአረርቲ፣ በባልጪና በገጠሩ ትምህርት ቤቶች ያላችሁ የሒሳብ መምህራን፣ አንድ ቅዳሜ ለዚህ ስጡት። የ2019ን ዓመት ለልጆቹ ስጧቸው፤ ዘመኑ ሉቃስ፣ ወንበሩ 13 ነው። ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይወጣል፤ እስኪያገኙት ድረስ አትንገሯቸው፣ ሲያገኙት ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቋቸው።